ጋሼ መዳፍና በትንሹ ልጃቸው ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ

በዚህ ወረቀት ላይ የሰፈረው ሁሉ ከራስጌው እስከ ግርጌው እውነት ነው። ጋሼ መዳፍን የማያውቅ ሰው ሲሰማው ተረት ሊመስለው ይችላል፤ እኔም የእህታቸው ልጅ ባልሆን ኖሮ አላምንም ነበር። ነገር ግን አስከሬናቸው ፊት ቆሞ የሚዋሽ ሰው መጨረሻው ከጎናቸው መቀበር ነው፤ እሳቸው ደግሞ ለጉርብትና አይመቹም።

ጋሼ መዳፍ ከጉድጓድ ቆፋሪ አባታቸውና ከልብስ አጣቢ እናታቸው በ1941 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱት በሰፈራቸው የመጀመሪያው የመብራት ምሰሶ በቆመበት ቀን ነው። እናታቸው በሕይወት ሳሉ ይነግሩን እንደነበረው፣ ሕፃኑ ከማኅፀን ከወጡ በኋላ ድምፃቸው አልተሰማም። አዋላጇ ገልብጣ ብትመታቸውም ዝም አሉ። ከደጅ ምሰሶው ላይ ያለው አምፖል ቦግ ብሎ ወዲያው ድርግም ሲል ግን ሰፈሩን በጩኸት አቀለጡት። አዋላጇም ይህ ልጅ መብራት በጠፋ ቁጥር ሲያለቅስ ሊኖር ነው ብላ ተነበየች። ተሳስታለች። ካደጉ በኋላ መብራት ሲጠፋ የሚያለቅሱት ሌሎች ሰዎች ነበሩ፤ እሳቸው ይስቁ ነበር።

ዕድሜያቸው ሲደርስ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ አራተኛ ክፍል ተምረዋል። ከዚያ ያላለፉት ሰንፈው አይደለም። የብስክሌት ዲናሞ ከዳይሬክተሩ ቢሮ የበር እጀታ ጋር አገናኝተው ፔዳሉን ሲያሽከረክሩ ስለተያዙ ነው። ዳይሬክተሩ እጀታውን እንደጨበጡ መልቀቅ አቅቷቸው የሰባትን ማባዣ ከላይ እስከ ታች ያለ ስሕተት አነብንበውታል። ተማሪው ሁሉ ያን ቀን የተማረውን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

በ1955 ዓ.ም. በከተማው ስመ ጥር ከነበረ አንድ ኤሌክትሪሺያን ዘንድ ተቀጠሩ። ሰውየው በቅጽል ስሙ ጠባሳ ይባል ነበር። ጠባሳ የሚያስተምረው በቃል አልነበረም። ለተማሪው ቀጭን ሽቦ ያስጨብጠዋል፤ ከዚያም በዚያው መስመር ላይ ካውያ፣ ምድጃ፣ ቦይለር፣ አንዱን በሌላው ላይ እየደረበ ይሰካል። ሽቦው ሲግል እጁን የለቀቀ ተማሪ ያን ዕለት ምሳ የለውም። አጎቴ አንድም ቀን ምሳ ቀርቶባቸው አያውቅም። መዳፍ የሚለው ስም የወጣላቸው እዚያ ነው።

ሽቦ የመምረጥ ሙያቸውም ከዚያ ይጀምራል። ለመብራት ውፍረቱ ባለ አንድ ተኩል ሽቦ ይበቃል፤ ለሶኬት ሁለት ተኩል፤ ቦይለር ካለ አራት፤ ትልቅ የማብሰያ ምድጃ ካለ ስድስት። መንገዱ ከረዘመ አንድ ደረጃ ከፍ ይባላል፤ እርጥብ ቦታ ከሆነ ድርብ ሽፋን ያለው ይፈለጋል፤ አፈር ውስጥ የሚቀበር ከሆነ ብረት የለበሰ ኬብል ነው። ይህን ማንም የሙያው ሰው ያውቀዋል። ጋሼ መዳፍ ከሌላው የሚለዩት መዳፋቸውን ግድግዳ ላይ አሳርፈው በውስጡ የሚያልፈው ሽቦ ስንት ተሸክሞ ምን ያህል እንደደከመው መናገር በመቻላቸው ነው። በአንድ ሆቴል ኮሪደር እጃቸውን ግድግዳው ላይ ቢያሳርፉ፣ ፎቅ ላይ ካውያ ተረስቶ ልብስ እየተቃጠለ ነው፣ ልብሱም ሐር ነው አሉ። በሩ ሲሰበር ሐር ሆኖ ተገኘ። ሐር መሆኑን በምን አወቁ ብዬ ብጠይቃቸው፣ ጥጥ ቀስ ብሎ ነው የሚያዝነው አሉኝ።

በ1968 ዓ.ም. ዛሬ ከፊታችን ከተቀመጡት ባለቤታቸው ከእትዬ ጋር ጋብቻ መሠረቱ። የእትዬ ወንድም ግን እህቴን ለሽቦ ጎታች አልሰጥም ብለው በሽማግሌዎች ፊት ተናግረው ነበር። ጋሼ መዳፍ ይህን ስድብ እንዳልሰሙ ሆነው አለፉት። ዓመታት አልፈው ወንድምየው ቤት ሲሠሩ ከአማች የተሻለ ባለሙያ የት ይገኛል ብለው ጠሯቸው። እሳቸውም ደስ ብሏቸው ሄዱ። በቤቱ ሙሉ ለመብራት ብቻ የሚበቃውን ቀጭን ሽቦ ዘርግተው፣ መነሻው ላይ ጭነት ሲበዛ መስመሩን ከሚቆርጡት ብሬከሮች ሁሉ ትንሿን ሰኩ። እሳት እንዳይነሳ በጣም ተጠንቅቀዋል፤ ሰውየው እንዲኖሩ ይፈልጉ ነበር። ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት ካውያ ከተሰካ መብራቱ ድርግም፣ ውሃ ከተጣደ ሬዲዮው ጸጥ። ጋሼ መዳፍ በተጠሩ ቁጥር ሳይሰለቹ እየሄዱ ብሬከሩን ቀጭ ያደርጉና፣ እንግዲህ ሽቦ ጎታች ምን ያውቃል ይሏቸው ነበር። ወንድምየው በጨለማ ጢማቸውን እየተላጩ አርጅተው፣ ፊታቸው እንደተቆራረጠ አረፉ። የሕይወት ታሪካቸውን ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ በባትሪ ነው ያነበብኩት።

ጋሼ መዳፍና እትዬ ሁለት ልጆች አፍርተዋል። ትልቋ ነርስ ናት። ትንሹ ልጅ ደግሞ በ1977 ዓ.ም. የተወለደው፣ በልጅነቱ መልኩም አነጋገሩም አባቱን ቁርጥ የነበረው ነው። በቤተሰቡ የታወቀ አንድ ልማድ አለ። ልጅ ሲያገባ የአባት ስጦታ የአዲሱን ቤት መስመር መዘርጋት ነው። ጋሼ መዳፍ በሩን ከውስጥ ዘግተው ብቻቸውን ይሠራሉ፤ ግድግዳው ተለስኖ እስኪደርቅ ድረስ ሙሽራም ሆነ ባለቤታቸው አይገባም። ለትልቋ ልጃቸው የዘረጉት ሽቦ ወፍራም ከመሆኑ የተነሳ፣ ለአንዲት ነርስና ለአንድ ባሏ ሳይሆን ለዱቄት ፋብሪካ የታሰበ ይመስላል።

ትንሹ ልጅ ግን አባቱን የሚያሳዝን ሥራ ጀመረ። በ2002 ዓ.ም. የሽቦ ሱቅ ከፈተ። መሸጡ ነውር የለውም። የሚሸጠው ሽቦ ግን ላዩ መዳብ የተቀባ፣ ውስጡ ርካሽ አሉሚኒየም ነው። ሲያዩት ቀይ፣ ሲፍቁት ነጭ። ጭነት ሲበዛበት ቶሎ ይግላል፣ መታጠፊያው ላይ ይሰበራል። በሱቁ ግንባር ላይ ደግሞ "የጋሼ መዳፍ ልጅ" የሚል ታፔላ ሰቅሎ ነበር። ገበያተኛው ታፔላውን አይቶ ሳይፍቅ ይገዛል። የሚጠራጠር ሲመጣ ልጁ በአባቱ መዳፍ ይምላል።

አንድ ቀን ጋሼ መዳፍ ወደ ሱቁ ገቡ። ከመደርደሪያው አንድ ጫፍ ስበው በጥፍራቸው ፈቁት። ነጭ። ልክ እንደ ገበያተኛ አንድ ሙሉ ጥቅል ገዝተው፣ ትከሻቸው ላይ አንጠልጥለው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ልጁ እንደነገረኝ ያን ዕለት ምሳ አልወረደለትም።

በ2008 ዓ.ም. ትንሹ ልጅ አገባ። ጋሼ መዳፍ እንደ ልማዳቸው በሩን ዘግተው የአዲሱን ቤት መስመር ዘረጉ፤ ራሳቸው ለሰኑት። ሰዉ ሁሉ አባትና ልጅ ታረቁ ብሎ ደስ አለው። በሠርጉ ዕለት ግብዣው እንደጋመ ተነሥተው ብርጭቆውን በማንኪያ መቱ። የተናገሩትን እንዳለ ነው የምጽፈው።

"ልጄ፣ ቤትህን በጥሩ መዳብ ዘርግቼልሃለሁ። አንዱን መስመር ግን ከሱቅህ በገዛሁት ሽቦ ነው የዘረጋሁት። የቱ እንደሆነ አልነግርህም። ጥሩ ሽቦ ነው እያልክ በመዳፌ ስትምል ሰምቼሃለሁና፣ እንግዲህ ምን ያሳስብሃል? ተጋብታችሁ አርጁ።"

እንግዳው ቀልድ መስሎት አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ትንሹ ልጅ ግን ፊቱ እንደ ልስኑ ነጭ ሆነ።

በማግስቱ ሶኬቱን ሁሉ ፈታ። በየጫፉ የሚታየው ንጹሕ መዳብ ነው። አባቱን ግን ያውቃቸዋል፤ ጫፍና ጫፉን አሳምሮ መሃሉን በልስን ውስጥ በሌላ ሽቦ መቀጠል ለጋሼ መዳፍ ሻይ እስኪፈላ የሚያልቅ ሥራ ነው። ስቦ ለማውጣት ቢሞክር በየመታጠፊያው በሲሚንቶ ጠርቅመውታል። ግድግዳውን እንዳያፈርስ፣ ያፈረሰ ዕለት የራሱን ሽቦ ፈርቶ ቤቱን ናደ ይባላል፤ ሱቁ ያበቃለታል። በግድግዳው ላይ አዲስ መስመር ቢዘረጋም የገባ እንግዳ ሁሉ ያየዋል። ባለሙያ በምሥጢር እንዳይጠራ፣ በከተማው ያለ ኤሌክትሪሺያን በሙሉ የአባቱ ተማሪ ነው። እንዲህ ያለ ወጥመድ የሚሠራ አባት ስንት አለ? ልጁ ወይ ሽቦዬ መጥፎ ነው ብሎ ማመን፣ ወይ ከሽቦው ጋር መተኛት ነበረበት። ተኛ።

ምራታቸው መዳፏን በየግድግዳው ላይ እያሳረፈች መዞር ጀመረች። ሁሉም ቀዝቃዛ ነበር፤ ከአንዱ በቀር። የቦይለሩ መስመር የሚያልፍበት የትንሿ ክፍል ግድግዳ ሁልጊዜ ይሞቃል። ነገር ግን ያ ግድግዳ ከጎረቤታቸው ከዳቦ ጋጋሪው ጋር የጋራ ነው፤ ከወዲያ በኩል ምድጃው ተደግፎታል። ጋጋሪው ደግሞ ሚስቱ መንታ ስትወልድ እንኳ ምድጃውን ያላጠፋ ሰው ነው። ሙቀቱ የዳቦ ይሁን የሽቦ ማን ይለይ? ባልና ሚስት ቦይለሩን ማብራት ተዉ። በቀዝቃዛ ውሃ እየታጠቡ፣ እያስነጠሱ ኖሩ።

ጋሼ መዳፍ ልጃቸውን መጠየቅ አላቋረጡም። እሑድ እሑድ ይሄዳሉ። ሻይ ከጠጡ በኋላ እጃቸውን በሙቅ ውሃ መታጠብ ያምራቸዋል። እስቲ ቦይለሩን አብራልኝ ልጄ ይላሉ። ልጁ ያበራል፤ ላቡ በጀርባው ይወርዳል። እሳቸው ጣታቸውን አንድ በአንድ እያሹ፣ ስለ አየሩና ስለ ገበያው እያወሩ፣ ሳይቸኩሉ ይታጠባሉ። ሲወጡ ምራታቸውን ግንባሯን ስመው፣ ቤታችሁ ደስ ይላል ይሏታል።

በ2010 ዓ.ም. ሴት ልጅ ተወለደች። የሕፃኗ አልጋ ከክፍል ወደ ክፍል ሲንከራተት ከረመ፤ ዛሬ ሳሎን፣ ነገ መኝታ ቤት። በመጨረሻ እናቷ ብርድ ሲበረታባት፣ የመጣው ይምጣ ብላ ከሞቃቱ ግድግዳ ሥር አስተኛቻት። ይህን የሰሙ ዕለት እትዬ ባላቸው እግር ላይ ወድቀው የትኛው መስመር እንደሆነ እንዲናገሩ ለመኗቸው። ጋሼ መዳፍ ሱቁን ይዝጋ፣ በዘጋ ዕለት እነግረዋለሁ አሉ። ልጁ ደግሞ አባባ ሲሞት እዘጋለሁ አለ። መልእክቱን ያመላለስኩት እኔ ነኝ፤ አንድም ቃል አልቀነስኩም። እንዲያውም እትዬ ትንሽ ብትቀንስ ምን ነበረበት ብለው እስከ ዛሬ ይወቅሱኛል።

በ2016 ዓ.ም. ሰኔ ወር የሰፈራችን የአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ ተቃጠለ። የሰው ሕይወት አልጠፋም፤ ስፌት መኪናዎቹና የሰው ልብስ ግን አመድ ሆኑ። ልብስ ሰፊው ሽቦውን የገዛው ታፔላውን አይቶ ከትንሹ ልጅ ነበር። ምክንያቱን እንዲያጣሩ ጋሼ መዳፍ ተጠሩ። ከፍርስራሹ መሃል አንድ የተንጨረጨረ ቁራጭ አንሥተው በጥፍራቸው ፈቁት። ነጭ። ቀና ሲሉ ልጃቸው ከሕዝቡ ኋላ ቆሟል። ለረጅም ጊዜ አዩትና "አይጥ ነው የበላው" ብለው ቁራጩን ኪሳቸው ከተቱት። ልብስ ሰፊው ያን ዕለት ድመቱን ቀጥቅጦ ከቤት አባረራት።

በእሳቸው ዕድሜ ስለ ሽቦ የዋሹት ያን ቀን ብቻ ነው። ልጁም ያወቀው ይመስላል። በማግስቱ ታፔላውን አውርዶ፣ የሱቁን በር ቆልፎ፣ ቁልፉን ፍሳሽ ውስጥ ጣለ። ዜናውን ለጋሼ መዳፍ ያደረስኩላቸው እኔ ነበርኩ። ሰምተው ሳቁ። እንደዚያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም፤ ጠረጴዛውን እየመቱ ሳቁ፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ ልጁን ጥራልኝ፣ እነግረዋለሁ አሉ። ጠርቼው ስመለስ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ግራ ጎናቸው ዝሏል፣ ምላሳቸው ታስሯል። ፊታቸው ግን በአንድ በኩል እንደሳቀ ቀረ። እስከ ዕለተ ሞታቸውም እንደሳቀ ነበር።

ልጁ አልጋቸው አጠገብ ተንበርክኮ በደኅናው እጃቸው ውስጥ እጁን አስገባ። አባባ፣ የክፍሎቹን ስም እጠራለሁ፤ ያ መስመር ያለበት ጋ ስደርስ እጄን ጨብጠኝ አላቸው። ሳሎን አለ፤ ጨበጡት። መኝታ ቤት አለ፤ ጨበጡት። ጓዳ፣ ኮሪደር፣ ትንሿ ክፍል አለ፤ በሁሉም ጨበጡት። ያ ሁሉ ዘመን የጋለ ሽቦ ያልለቀቀ እጅ ነውና የልጁ ጣቶች ደም አጡ። ፍቅር ይሁን ቅጣት ከፊታቸው ማንበብ አይቻልም ነበር፤ ግማሹ ይስቃል፣ ግማሹ ተኝቷል።

ነርሷ ልጃቸው ሥራዋን ትታ ስታስታምማቸው፣ እኔና ትንሹ ልጅ መሮና መዶሻ ይዘን ቤቱን ማፍረስ ጀመርን። አሁን የሚፈራለት ሱቅ የለውም። ከሳሎን ጀመርን። ልስኑን ስንገነጥል የወጣው ሽቦ ንጹሕ መዳብ ነው፤ ለመብራት ሁለት ተኩል፣ ለሶኬት አራት። መኝታ ቤቱ እንደዚያው። ጓዳው እንደዚያው። ኮሪደሩ እንደዚያው፤ ቅጥያ የሚባል ነገር አልተገኘም። ሚስቱና ሴት ልጁ አቧራውን እየሸሹ ከሚፈርሰው ክፍል ወዳልፈረሰው ክፍል ይዛወሩ ነበር። በመጨረሻ የቤቱ ግድግዳ በሙሉ ተከፍቶ፣ አባቱ የዘረጉለት ለነርሷ ከዘረጉላትም የሚወፍር መዳብ ሆኖ ተገኘ። ጋሼ መዳፍ ልጃቸውን እስከ ሞታቸው ያስፈራሩት በባዶ ነበር። ትንሹ ልጅ ፍርስራሹ መሃል ተቀምጦ ሽቦውን እንደ አባት እጅ ይዞ አለቀሰ።

ጋሼ መዳፍ በሕክምናም በጸሎትም ሲረዱ ቆይተው፣ ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ76 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ነርሷ ልጃቸው አፋቸውን ለመግጠም ብዙ ደክማለች፤ ሳቁ አልገጥም ብሏታል። ሣጥኑ ተዘግቶ የመጣው ለዚህ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለውም።

ባለቤታቸውን እትዬን፣ ነርሷን ልጃቸውንና ባሏን፣ ትንሹን ልጃቸውንና ሚስቱን፣ ከሁለቱም ልጆቻቸው ያዩአቸውን የልጅ ልጆች፣ እንዲሁም ይህን የጻፍኩትን የእህታቸውን ልጅ ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ብርሃኑ በማይቋረጥበት፣ ሽቦ የሚመርጥም የሚያስመርጥም በሌለበት ቦታ ያሳርፍልን። ለቀረነውም መጽናናትን፣ ለቤታችንም ደኅና መስመርን ይስጠን።

ከመቀመጤ በፊት አንድ ነገር ላርም፤ መጀመሪያ ላይ ሁሉም እውነት ነው ብያለሁና። ከጻፍኩት ውስጥ አንዲት ነገር ፈጥሬያለሁ። እትዬ ጥሩ መጨረሻ ይኑረው ብለው ስለለመኑኝ ነው። ግድግዳው በሙሉ ተከፈተ ያልኩት ልክ አይደለም። የጋጋሪው ግድግዳ አልተከፈተም። መሮውን እንዳሳረፍንበት ስልክ ተደውሎ አረፉ ተባልን፤ ጥለነው ሮጥን። ትንሹ ልጅ ያለቀሰው የተከፈቱትን ግድግዳዎች ብቻ አይቶ ነው። ከሱቁ የገዙት ጥቅልም ዕቃ ቤታቸው ውስጥ የለም፤ ፈልጌዋለሁ። የልጅቷ አልጋ ዛሬም እዚያው ግድግዳ ሥር ነው።

ጋጋሪው ግን ስለ ጋሼ መዳፍ ክብር ካረፉበት ሰዓት ጀምሮ ምድጃውን አጥፍቶ ከእኛ ጋር ሰንብቷል፤ ይኸው ከኋላ ቆሟል። ግድግዳው በወዲያ በኩል ከቀዘቀዘ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ስለዚህ የአጎቴ ልጅ ወንድሜ፣ አፈሩን አልብሰን ስንመለስ መጀመሪያ ልጅቷን አንሣት፤ ቀጥሎ ቦይለሩን አብራና መዳፍህን ግድግዳው ላይ አሳርፍ። ቶሎ እንዳትለቅ።